በሩ አይዋሽም

አታምኑኝም። ያቺ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ከነፍሴ አስበልጬ የምወዳት ፍየሌ ትሙት፣ ይህን ወሬ አታምኑኝም! ግን እነግራችኋለሁ። ማውራት የእኔ ሥራ ነው፣ ማመን የእናንተ። ፊደል ስላልቆጠርኩም ከመጽሐፍ ቀዳው ብላችሁ አታሙኝም።

ከእኛ አገር ወዲያ፣ ደመናው ከበጎች ጋር ተሰማርቶ የሚውልበት ከፍታ ላይ አንድ አገር አለ። ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ እዚያው ከረምኩ። በዚያ አገር ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ያወራል፤ እንዴት እንደተመቸኝ እናንተው ገምቱት።

በዚያ አገር ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ድሮ ነበር አሉ። የአሁኑ ንጉሥ አያት አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብተው ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉ ከእጃቸው አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አገር ምድሩ ደጅ ላይ ተሰብስቦ «ጃንሆይ፣ ምን ይሻላል?» ይላል፤ እሳቸው ከውስጥ ሆነው ይቆጣሉ። መንግሥቱ ለስንት ጊዜ ከዚያ ሽንት ቤት እንደተመራ እግዜር ይወቀው፤ እንጀራው እንኳ ተጠቅልሎ በበሩ ስንጥቅ ነበር የሚገባላቸው። በመጨረሻ በሩ ተሰብሮ ሲወጡ፣ ገና ፀሐዩ ዓይናቸውን እየወጋቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ ይዞ የተገኘ ይገረፍ!» አሉ።

ታዲያ አገር ያለ ቁልፍ እንዴት ይደር? የዚያ አገር አናጢዎች ጉደኞች ናቸው፤ ጆሮ ያለው በር ሠሩ። የምን ጆሮ ትሉኛላችሁ፤ ጆሮ ነዋ! የበሬ ጆሮ የሚያህል፣ ከእንጨት የተጠረበ፣ መቃኑ ላይ የተሰካ። ባለቤቱ አንድ ቃል ይመርጥና ለበሩ ያንሾካሹክለታል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል ለተናገረ ሁሉ በሩ ወለል ይላል። ዓይን የለውም፣ ፊት አይለይም። መኳንንት ሁን፣ ሌባ ሁን፣ በቀቀን ሁን፣ ቃሉን ካልክ ገባህ ነው።

እንግዲህ ገበሬዋ ምን ቃል ትመርጣለች? እንዳይረሳት ብላ የበሬዋን ስም! ሻንቆ ያላት ሻንቆ፣ ዳለቻ ያላት ዳለቻ። ምስጢሬ ነው ብላ ለገዛ ባሏ እንኳ አትነግርም። ከዚያ ጅራፏን ታነሳና ያንኑ ምስጢር ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ስትጮኸው ትውላለች። «ና ሻንቆ! ተመለስ ሻንቆ! የት ልትሄድ ነው ሻንቆ!» ነፋስ ወደ መንደሩ የነፈሰ ቀን ደግሞ ተዉት! በሩ ሁሉ ካለበት ቷ ብሎ ይከፈታል። ዶሮ መደብ ላይ ትወጣለች፣ ውሻ ድስት ውስጥ ይገባል፣ አማት ሳትጠራ ትገባለች።

ይህን ያዩት ሊቀ ደጃፍ ጓንጉል አዋጅ አወጡ። ሊቀ ደጃፍ ጓንጉል የአገሩ በር ሁሉ አለቃ ናቸው፤ በር ሲያልፉ ሆዳቸው ቀድሞ ገብቶ ነው እሳቸው የሚከተሉት። የንጉሡ ግምጃ ቤት በእሳቸው ቃል ይከፈታል፣ እስር ቤቱም በእሳቸው ቃል ይከፈታል። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ ማንም ሰው ጨረቃ በወጣች ቁጥር የበሩን ቃል ይለውጥ። ቃሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ይግባበት። ደግሞም አንድ ሳል ይግባበት። አዎ፣ ሳል! «እህ!» የምትል።

ሰዉ ምን አደረገ? ሻንቆ ይል የነበረው «ሻንቆ አንድ፣ እህ» አለ። ጨረቃ ስትወጣ «ሻንቆ ሁለት፣ እህ» አለ። ሳሉ ከፊት ይሁን ከኋላ እንዳይጠፋበት ደግሞ እዚያው መቃኑ ላይ በከሰል ምልክት አደረገበት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አነበበለት።

ጉንፋን የገባ ጊዜማ ጉድ ፈላ። አንዱ መጥቶ «ሻንቆ ሦስት፣ እህ፣ እህ፣ እህእህእህ» ሲል በሩ ግራ ይጋባል። ሦስቴ የተሳሳቱበት በር ደግሞ ይኮርፋል። ሰውዬው ደጅ ያድራል፤ ደጅ ሲያድር ጉንፋኑ ይብስበታል፤ ሲብስበት ይበልጥ ያስላል። የኮረፈ በር የሚታረቀው በሊቀ ደጃፍ ቢሮ ብቻ ነው። እዚያ ሄደህ ባለቤት መሆንህን ለማስመስከር አንድ ጥያቄ ትመልሳለህ፦ «የእናትህ የመጀመሪያ ላም ስሟ ማን ነበር?» ያቺ ላም እኮ በመንደሩ አዝመራ ሁሉ ውስጥ የገባች ናት! ሲረግማት የኖረው ጎረቤት ከልጅየው ይልቅ አጥርቶ ያውቃታል።

ሊቀ ደጃፍ ራሳቸውስ? አዋጁ እሳቸውን አይመለከትም። «ሹም ቃሉን አይለዋውጥም» ብለው ያለ ቁጥር ያለ ሳል በድሮው ቃላቸው ቀሩ።

የወሬዬ ባለቤት ግን ጎረቤቴ እትዬ ታንጉት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ እርሻ፣ ቦራ የሚባል በሬና ቦራን የሚያጅብ ሌላ ስም የለሽ በሬ አላት። ያቺ እርሻ ደግሞ የምትኖርባት ነፍሷ ናት፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ሌላ ሕግ አለ። የመጀመሪያው ዝናብ በወረደበት ቀን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ዘር ያልተበተነበት መሬት የዙፋኑ ይሆናል። እትዬ ታንጉትም የዘር ገብሷን በቢጫ ሻሿ ቁራጭ በጣፈቻቸው ስልቻዎች ሞልታ ጎተራ ውስጥ አስቀምጣ ዝናቡን ትጠብቃለች። የጎተራው ቃል ቦራ ነው። የቤቱም ቦራ ነው። የበረቱም ቦራ ነው።

«እትዬ ታንጉት፣ ሦስት በር ለአንድ ቃል አይበዛበትም?» ብላት፣

«ሂድ ወዲያ! ሦስት ቃል የምሸከመው ጭንቅላቴ ጎተራ ነው?» አለችኝ።

አንድ ረፋድ ላይ እሷ ስታርስ፣ እኔ ወይራው ሥር ተጋድሜ ሳበረታታት፣ አንድ ሰው መጣ። ጋቢው ከመንጻቱ የተነሳ ዓይን ያጥበረብራል። በትሩ ጫፍ ላይ እንደ ሊቀ ደጃፍ ቢሮ ሰዎች ቀይ ክር አስሯል። ስሙ አይሸሽም እንደሚባል የሰማነው በኋላ ነው።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ መሬት እስኪነካ ጎነበሰ።

«እግዜር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ከሊቀ ደጃፍ ቢሮ ተልኬ ነው። የጎተራዎ በር ታሟል።»

«በር ደግሞ ይታመማል እንዴ?»

«ጆሮው ነዋ እናቴ! ኩክ ሞልቶታል። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተጠረገ ደንቁሮ ይቀራል። ከዚያ ዘርዎ ከውስጥ፣ እርስዎ ከውጭ ሆናችሁ መተያየት ብቻ ነው።»

እትዬ ታንጉት እርፉን ለቀቀችው። «ውይ በሞትኩት! ታዲያ ምን ቆመሃል፣ ጥረገው እንጂ!»

«እጠርጋለሁ እናቴ። ግን ስጨርስ መስማቱን በምን እፈትሻለሁ? የበሬዎን ስም ከወንዙ ማዶ ጀምሮ እየሰማሁት ነው የመጣሁት። ቁጥሩ ስንት ደርሷል? ሳሉስ ከፊት ነው ከኋላ?»

«እትዬ ታንጉት፣ ይሄ ሰውዬ…» ብዬ ቀና ስል፣

«አንተ አርፈህ ተኛ!» አለችኝ። «አትሠራ፣ አታሠራ! ሰው አዝኖልኝ እስከዚህ ድረስ መጥቷል።» ወደሱ ዞረችና «አምስት ነው ልጄ፤ ሳሉ ከኋላ ነው። ደግሞ ጠንከር አድርገህ ሳል፤ ላላ ካለ አይሰማም።»

«ይስጥልኝ እናቴ። እርስዎ እርሻዎን አያቋርጡ።»

መራቁን አይታ «ጠላ ሳላቀምሰው!» ብላ ተጸጸተች። አትጨነቂ አልላት እንግዲህ፤ ጠላውንም ራሱ ቀድቶ ጠጥቶት ኖሯል። ወደ ቤት ስንመለስ የቤቱ በር ወለል፣ የበረቱ በር ወለል፣ የጎተራው በር ወለል። አንዲት ቃል ሦስቱንም ከፍታለች። ጎተራው ውስጥ አንዲት አይጥ መሃል ላይ ቆማ ባዶውን ታያለች፤ እኛም ከእሷ ጋር ቆመን አየን። ከዘሩ አንድ ስልቻ እንኳ አልተረፈም።

እትዬ ታንጉት አላለቀሰችም። ወጥታ ተራራውን አየች። ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ደመና ነበረች።

«ይቺ ደመና ሳታድግ ዘሬን ካላገኘሁ እርሻዬ ሄደ» አለች።

በማግስቱ ሊቀ ደጃፍ ቢሮ ሄድን። ሰልፉ ገበያ ያህላል። ሁሉም በየተራው መስኮቱ ጋ ይቀርብና አዲሱን የበሩን ቃል እስከ ተራራው ማዶ እየጮኸ ለጸሐፊው ይናገራል፤ ጸሐፊው ጆሮው አይሰማማ! በዚያ አገር ጆሮ ያልተሠራለት እሱ ብቻ ነበር። «ዳለቻ ዘጠኝ! እህ! ዘጠኝ ነው ያልኩህ እንጂ ሰባት አላልኩም! ኧረ እህ!» ሰልፈኛው እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል።

ሊቀ ደጃፍ ጓንጉል ምንጣፋቸው ላይ ተንጋለው ጠበቁን።

«በሩ ተሰብሯል?» አሏት።

«አልተሰበረም ጌታዬ።»

«ተፈልቅቋል?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን ተከፈተ?»

«በቃሉ ነዋ፤ አንድ ንጹሕ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ከእርስዎ ቢሮ ነኝ ብሎ…»

«ጋቢውን ተይው። ቃሉ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በቃ! በሩ አይዋሽም። ቃሉን ሰማ፣ ከፈተ። ቃሉ ያንቺ ከሆነ የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ዘርሽን የሰረቅሽው ራስሽ ነሽ ማለት ነው።»

«እኔ እኔን ሰረቅኩ?»

«ይኸው ከአፏ ወጣ! ሰምታችኋል!» ብለው ወደ ሰልፈኛው ዞሩ። «የሰረቀችውም መሬቱን ላለመዝራት አስባ ነው። ዝናቡ በጣለ ቀን ከንጉሡ ችሎት ፊት ትቀርቢያለሽ፤ እርሻውም ለዙፋኑ ይገባል። አሁን ደግሞ ለጥንቃቄ አዲስ ቃል ምረጪና እዚሁ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ እትዬ ታንጉት አዘነበለ። እሷ ዙሪያውን አየችና ነጠላዋን አጣፋች።

«አልናገርም ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«የድሮውን ለንጹሕ ጋቢ ነገርኩና ይኸው ባዶ ጎተራ ታቀፍኩ። ከእንግዲህ ለንጹሕም ለቆሻሻም፣ ዘውድ ለጫነም አልናገርም። የእኔን ቃል የሚጠይቀኝ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ሌባዬ ነው።»

«ይሄ ሁለተኛ ወንጀል ነው!» አሉ ሊቀ ደጃፍ፣ ከምንጣፋቸው ሳይነሱ። መነሳቱ ሰው ይፈልጋላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬ ታንጉት ጠባይ ተለወጠ። በየበሩ ጆሮ ሥር በእግር ጣቷ ቆማ ታንሾካሹካለች፣ ብቻዋን ትስቃለች፣ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው ለጠየቀኝ ነው ዘሬን የሸኘሁት።» ትንሽ ቆይታ ግን አዘነችልኝ። «በሬ የለበትም። የሟች ባሌ ስም የለበትም። የተወለድኩበት ወር የለበትም። በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ነገሮችን ሰብስቤ አጋባኋቸው። ረዥም ነው፣ ግን ስለሚያስቀኝ አይጠፋኝም። ደግሞ ለየበሩ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቢታወቅ ሌላው ይተርፋል።»

«ለምሳሌ እንደ ምን ያለ?»

«እንበልና፣ ‹ጃርት ሻሽ አስራ ለዱባ ለቅሶ ደረሰች› እንደማለት። ይሄ ግን አይደለም!»

አይደለም ብትለኝም ሄጄ ሞከርኩት። በሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ሌላም ነገር አደረገች። የድሮዎቹ አናጢዎች በየበሩ ጆሮ ሥር የመዳፍ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ጠርበው ነበር። ያ ጎድጓዳ ክፍት ከሆነ በሩ ቃሉን ሰምቶ ብቻ አይከፈትም፤ የባለቤቱ መዳፍ እስኪያርፍበት ይጠብቃል። ታዲያ ሰዉ «አንድ በር ለመክፈት ሁለት ሥራ!» ብሎ በጭቃ ደፍኖት ኖሯል። ንጉሡማ ለግምጃ ቤታቸው ውበት ብለው በወርቅ አስደፍነውታል። እትዬ ታንጉት ጭቃውን በቢላ ፈልፍላ ጣለችው።

ጭቃው ከእጇ ሳይደርቅ ያ ሰው ተመልሶ መጣ! የቀረውን ቅቤ አስቦ ይሁን በሬዎቹን አላውቅም። አሁን ጋቢው ሌላ ነው፣ በትሩ ላይ ያለው ክር ሰማያዊ ነው። ድምፁ ግን ያው ማር ነው።

«እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ‹ከሊቀ ደጃፍ ቢሮ ነኝ› እያሉ ሰው የሚያታልሉ ሌቦች አሉ አሉ። እነሱን ከሚይዘው ቢሮ ነው የመጣሁት።»

«እሰይ የእኔ ልጅ!» አለች እትዬ ታንጉት፣ ጅራፏን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብላ እያወረደች። «ምን ልርዳህ?»

«አዲሱን ቃልዎን ለእኔ ይንገሩኝ። ሌባው እንዳይሰማው እጠብቅልዎታለሁ። ግን ይፍጠኑ፣ ሌባው መንገድ ላይ ነው!»

«መንገድ ላይ እንኳ አይደለም፤ ደርሷል። ለማንኛውም መጀመሪያ ያንተን በር ቃል ንገረኝ፤ እኔም ያንተን እጠብቅልሃለሁ።»

«የእኔንማ… እሱ እንኳ ምስጢር ነው።»

«አየህ! ለካ አንተም ይገባሃል!» ብላ ጅራፏን አጮኸችው። አይሸሽም የተባለው ሰው አዲሱን ጋቢ ጥሎ ሸሸ። እኔ ልከተለው ነበር፤ እግሬን እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ትቼው እንጂ።

ጋቢ ግን ዘር አይሆንም። ደመናይቱ መጀመሪያ ድመት አከለች፣ ቀጥሎ ጥጃ፣ ቀጥሎ አገር አከለች። አንድ ጠዋት ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሮ ነቃን። ወዲያው ከንጉሡ ችሎት መልእክተኛ መጣ፦ «ታንጉት ትቅረብ፤ ዛሬ ሊዘንብ ነው።»

ችሎቱ ሌላ ጊዜ ከከተማው ውጭ መስክ ላይ ነበር የሚውለው። የዚያን ቀን ግን ንጉሡ እንዳይረጥቡ ተብሎ ወደ ግቢው ገባ። ግቢው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የንጉሡ ግምጃ ቤት፣ በሌላው በኩል እስር ቤቱ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የሊቀ ደጃፍ ጓንጉል መኖሪያና ጎተራ አለ። የሁሉም በር ጆሮ ወደ ግቢው ነው።

የዚያ አገር ንጉሥ ጮክ ብለው አይናገሩም፤ ነውር ነው። የሚያንሾካሹኩትን ለሕዝብ የሚያሰማ «የንጉሡ አፍ» የሚባል ሹም አላቸው። ደረቱ ከበሮ ነው። ይህን አስተላልፍ፣ ያንን ተው አይባልም፤ የሰማውን ካልተናገረ ሆዱን ያመዋል። ንጉሡ እንደተቀመጡ ለአጋፋሪያቸው አንድ ነገር ሹክ አሉ።

«ጃንሆይ ወንበሩ ቆርቁሯቸዋል!» ብሎ አፍየው አገሩን አናወጠው። ትራስ መጣ።

ሊቀ ደጃፍ ጓንጉል ክሱን ሊያሰሙ ተነሡ። በዚያ አገር ሹም ከመናገሩ በፊት መፎከር ግድ ነው። ሊቀ ደጃፍ መስክ ላይም ፎክረዋል፣ በየግብሩ ድግስም ፎክረዋል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እነዚህ ሁሉ በሮች ጆሯቸውን ቀስረው ባሉበት ሲፎክሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው። በትራቸውን ወዘወዙና፦

«ዘራፍ! አባ ዝጋው!
ነብር ነው ምንጣፉ፣ አንበሳ ነው አልጋው፤
የጓንጉልን ደጃፍ ማን ደፍሮ ሊነካው!
ዘራፍ! አባ ዝጋው!»

ቷ! የግምጃ ቤቱ በር ተከፈተ። ቷ! የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ቷ! የራሳቸው የጎተራ በር ተከፈተ።

አባ ዝጋው የሊቀ ደጃፍ የፈረስ ስማቸው ነው፤ ለካ ለሁሉም በር የሰጡት ቃል ያው ኖሯል! እስረኞቹ ዓይናቸውን እያሻሹ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» እያሉ ወጡ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የንጉሡ ሁለተኛ ዘውድ ተገልብጦ አንዲት ዶሮ ታቅፋበት ታየች፤ ማን እንዳስገባት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሊቀ ደጃፍ ጎተራ ግን ስልቻ በስልቻ ላይ ተንከባሎ ግቢው መሃል ወደቀ። የዳር አገር ስልቻ፣ የመሃል አገር ስልቻ፤ ከሁሉም ፊት በቢጫ ሻሽ የተጣፈ ስልቻ!

«ዘሬ!» አለች እትዬ ታንጉት።

ከስልቻዎቹ ጀርባ አንድ ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ ገብስ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ገባ እኮ!» አለ አይሸሽም። ሕዝቡን ሲያይ ቆሎው አፉ ውስጥ ቀረ።

ሊቀ ደጃፍ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህን ሰው አላውቀውም! ጎተራዬን ሰብሮ ነው የገባው!»

እትዬ ታንጉት ስልቻዋን አቅፋ ቀና አለች። «በሩ ተሰብሯል ጌታዬ?»

«አልተሰበረም፣ ግን…»

«ተፈልቅቋል?»

«የለም፣ ግን…»

«እንግዲያው በሩ አይዋሽም። ቃሉን ሰማ፣ ከፈተ። ቃሉ የእርስዎ ከሆነ የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ዘሬን የሰረቁኝም እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«እኔ ሌባ አይደለሁም!»

«ሌባ ካልሆኑ ቃልዎን ለሌባ ነግረዋል። አንዱን ይምረጡ።»

ሊቀ ደጃፍ አንዴ ወደ ንጉሡ፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ አዩ። ሌባ መባል ይሻላል ሞኝ መባል የሚለውን እያሰሉ ሳለ አይሸሽም ቆሎውን ውጦ አገዛቸው።

«ጃንሆይ፣ እሳቸውን አይውቀሱብኝ፣ ሥራው የእኔ ነው። አገሩ ሁሉ ሌባ ሲፈልግ የማይፈተሽ ጎተራ የሌባ አለቃ ጎተራ ብቻ ነው ብዬ ነው።»

«የበር አለቃ!» ብለው ጮኹ ሊቀ ደጃፍ።

«ይቅርታ፣ የበር አለቃ። ቃሉን ደግሞ ሰርቄ አይደለም። በየግብሩ እኮ እየፎከሩ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው! መጀመሪያ ለሙከራ ዶሮ ነበር ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያስገባሁት…»

ይኸው የዶሮዋም ነገር ታወቀ፤ አልታወቀም ያልኳችሁን ተዉት።

ንጉሡ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ጃንሆይ ሂ ሂ ሂ ይላሉ!» አለ አፍየው።

ፍርዱ አላረፈደም። አይሸሽም ወደ እስር ቤቱ፣ እስረኞቹ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ እንዲመለሱ፣ ሊቀ ደጃፍ ጓንጉል ደግሞ ሹመታቸው ተገፎ ከራሳቸው ቢሮ ሰልፍ መጨረሻ ላይ እንዲቆሙና መስማት ለተሳነው ጸሐፊያቸው የእናታቸውን የመጀመሪያ ላም ስም እንዲያስረዱ። እስከ ዛሬ እያስረዱ ነው ይባላል።

በዚህ መሃል አንድ የዝናብ ጠብታ የእትዬ ታንጉት ግንባር ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፍንጫዋ ላይ። ስልቻዋን ወደ አህያዋ ስትጎትት ንጉሡ ሹክ አሉ።

«ጃንሆይ ‹ቆዪ፣ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ ሳትነግሪን አትሂጂ!› ይላሉ!»

«ጃንሆይ፣ ዝናቡ!» አለች፣ ጠፍሩን በጥርሷ እያጠበቀች። «ቀላል ነው። ቀን ሙሉ የሚጠሩትን ስም አያድርጉት። የማይገናኙ ነገሮችን ያጋቡ፣ ረዥም ይሁን፣ የሚያስቅ ይሁን። አንዱን ቃል ለሁለት በር አያውሉት። ያንን የመዳፍ ጎድጓዳ ይክፈቱት። ‹ቶሎ በሉ፣ ታመመ፣ ሊዘጋ ነው› እያለ የሚጠይቅዎትን ሰው በጅራፍ ይሸኙት። ከሁሉም በላይ፣ ጃንሆይ፣ ለማንም እንዳይነግሩ!»

ይህን ብላ አህያዋን ነዳችው። እስረኞቹ ሳይቀሩ ምሳቸውን ትተው ስልቻ እየተሸከሙ ተከተሏት። እንዳትጨነቁብኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የእርሻዋ የመጨረሻ ጥግ ዘር ገብቶበት ነበር፣ ማሳውም የእሷ እንደሆነ ቀረ። እኔ እንኳ ስልቻ እንዳያሸክሙኝ ፈርቼ ግንቡ ሥር ተሸሽጌ ቀርቼ ነበር። ደግ አደረግኩ። ባልቀር ኖሮ ይህን አላይም።

ንጉሡ የእትዬ ታንጉት ምክር ልባቸው ውስጥ ገብቷል። የወርቁን ድፍን ነገ እናስፈልፍለዋለን፣ ቃሉን ግን አሁኑኑ አሉ። ዶሮይቱን ከነዘውዷ አስወጡ። አሽከሩን ሁሉ አራቁ፣ ዘቡን አራቁ፣ ግቢውን አስጠረጉ። ግንቡ ሥር ያለሁትን እኔን ማንም አላየኝም። ጃንሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ፤ አንዴ ፈገግ አሉ፤ ያማረ ቃል እንደመጣላቸው ያስታውቃል። ከዚያ በእግር ጣታቸው ቆመው፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከልለው፣ ከግምጃ ቤቱ በር ጆሮ ጋር ተጠግተው፣ ዝንብ እንኳ በማይሰማው ድምፅ አንሾካሾኩ።

የንጉሡ አፍ እንደ ልማዱ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። እሱንማ ማን ያርቀዋል፤ የራስ አፍ ይርቃል እንዴ? ደረቱን ነፋ፣ ወደ ከተማው ዞረ፣

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የግምጃ ቤቱ አዲስ ቃል ‹ኤሊ ጋሻዋን አጥባ ማክሰኞን ቀቀለች› ሆኗል! ጃንሆይ ‹ለማንም አልነግርም› ይላሉ!»